ያልተከተበችው ጊደር

ግንቦት 11፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

የክትባቱ በረዶ ደርሷል። ግማሹ ቀልጧል፣ የቀረው ለነገ ይበቃል። ከደ/ታቦር እስከ ገሳይ በሚኒባስ፣ ከገሳይ እስከዚህ በእኔ ጀርባ። የክትባት ሳጥኑ ማንገቻ ትከሻዬን ልጦታል። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ "ዶክተር መጣች" ብሎ እጅ ይነሳል፣ ሳጥኑን ልያዝልሽ የሚል ግን የለም። የከብት ጤና ባለሙያ እንጂ ዶክተር አይደለሁም ብዬ ማስረዳት ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው።

ነገ ሚካኤል። ሰው አያርስም፣ ስለዚህ እኔ እሠራለሁ። ገበሬ በሬውን ለክትባት የሚፈታልኝ ታቦት ሲከለክለው ብቻ ነው።

አንቺ ደብተር፣ አዲስ ነሽና ላስተዋውቅሽ። (የቀድሞዋን አይጥ በልቷታል።) አያ ፈንቴ የምኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው፣ የዕድሩም ዳኛ። ባለቤታቸው እማማ ጥሩ፣ ልጃቸው ደሴና የደሴ ሚስት ሙሉ አብረው ይኖራሉ። የእኔ ክፍል በጋጣው በኩል ናት። አያ ፈንቴ ልጄ ይሉኛል፣ ሲሉኝም ከልባቸው ነው።

አምና ለአባ ጎርባ፣ ታፋ አሳብጦ ከብት ለሚገድለው በሽታ፣ ክትባት ከብቱን ያመጣው ግማሹ ሰው ነበር። ዘንድሮ አያ ፈንቴ መላ አመጡ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ተነስተው ቄሰ ገበዙን ግዝት ጠየቁ። ቄሰ ገበዙም መስቀላቸውን አንስተው ገዘቱ። ከብቱን ሳያመጣ የደበቀ፣ ሲደበቅም አይቶ ዝም ያለ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አልኩ። ከወረዳ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ተሰብስቦ ይህን ያህል አይሠራም።


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት ተኩል።

እጄ ደንዝዟል፣ እስክሪብቶ አልጨብጥ ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ። አንድ ወይፈን አጥሩን ጥሶ ወጣ፣ አንዲት ላም ረገጠችኝ። ግዝቱ ሠርቷል። የቀበሌው ከብት ሁሉ የወጣ ይመስላል።

ይመስላል ነው የምልሽ። አባ ጎርባ መራጭ ነው፣ የከሳ አይወድም። ወጣቱን፣ የሰባውን፣ ጠጉሩ የሚያበራውን ነው የሚወስደው። ገበሬ ደግሞ ከሰው ዓይን የሚሸሽገው ያንኑ ነው። ክትባት ቦታ ላይ አገሩ በሙሉ ቆሞ የሰው ከብት ሲገመግም ይውላል። ማን ነው ምርጡን አምጥቶ ዓይን የሚያስበላ?

አያ ፈንቴ ሁለቱን በሬና ላሚቱን ነድተው መጡ። ጊደሯ የለችም። ዳማዋ፣ የሁለት ዓመቷ፣ ስገባ ስወጣ አንገቷን የማክላት። ቀና ብዬ አየኋቸው። ጠጋ አሉና በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ዓይን እንዴት ይቻላል? ሰው ሲበተን አንቺው ጋጣ ገብተሽ ትወጊልኛለሽ። አሁን ጣፊልኝ" አሉ።

ግዝቱን የጠየቁት እሳቸው! ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። ዕንቢ ብል ምክንያቱን ጮክ ብዬ መናገሬ ነው። ጻፍኩ። ጊደር፣ ዳማ፣ ተከተበች።

ሰው ሲበተን ብልቃጡ ባዶ ሆነ። የመጨረሻዋ ለአንዲት መበለት ጥጃ ሄደች። አያ ፈንቴን ሌላ ቀን አመጣለሁ አልኳቸው። ምን ቸገረ አሉ።

ለመዝገብ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። ወረዳ ሙሉ ሪፖርት ይወዳል። ወደ ደ/ታቦር የጠየቅሁት ዝውውርም እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ ላይ አንዲት ጊደር ናት። ተይው።


ግንቦት 21፣ ሐሙስ። 9 ሰዓት።

ማርያም። ዛሬ ተራው የሰው ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ትርንጎ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስባ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጀመረች። እኔ ካርድ እየጻፍኩ ረዳኋት።

ሙሉ መርፌ ትፈራለች። እጄን ይዛ አጥንቴን ልትሰብረው ነበር። ዓይኗን ጨፍና ማርያምን ጠራች፣ ሚካኤልን ጠራች፣ የሞተች አያቷን ሳይቀር ጠራች። ከዚያ "አለቀ እንዴ?" ብላ ሳቀች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ የምትጠብቀው ለሐምሌ መጨረሻ። ሁለተኛው መርፌ በወሩ፣ ሰኔ 21። ትርንጎ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያስማለች ሰደደች። አንዱ መርፌ ብቻውን አይበቃም፣ ሕፃኑን የሚጠብቀው ሁለተኛው ነው።

ላንቺ ልንገርሽ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርምና የአባ ጎርባ ጀርም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝተው ይኖራሉ። አንዱ ከሣር ጋር ከብት ሆድ ይገባል፣ ሌላው በቁስል፣ በሕፃን እትብትም ይገባል። ለሙሉ ይህን አልነገርኳትም። የከብትና የሰው ዘመድ ነው ብላት ካርዱን ጥላልኝ ትሮጥ ነበር።

ለጊደሯ ሌላ ብልቃጥ ጠይቄ ነበር። የወረዳው ማቀዝቀዣ መብራት የለውም አሉኝ። እውነት ነው። ደግሜ አለመጠየቄም እውነት ነው።


ሰኔ 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት።

አያ ፈንቴ በሬን አንኳኩ። አይናገሩም። ተከትያቸው ጋጣ ገባሁ። ጊደሯ የኋላ ቀኝ እግሯን መሬት አታስነካም። ታፋዋ አብጧል። እጄን አሳረፍኩበት። ከቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ደረቅ ገለባ የሚጫኑ ነው የሚመስል። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ፔኒሲሊን ወጋኋት፣ ያለኝን ሁሉ።


8 ሰዓት።

ሞተች።


11 ሰዓት።

መንደሩ ተሰበሰበ። የሞተ ከብት ያለበት ቤት ለቅሶ ቤት ነው። አንዱ ጠየቀ፣ ተከትባ አልነበረም ወይ? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ አያ ፈንቴ። አያ ፈንቴ ወደ መሬት።

ተከትባለች አልኩ። ምን ልበል? ተጽፏላ። ክትባት አንዳንዴ አይዝም ብዬ ጨመርኩበት። ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ውሸት ነው። አፌ ራሱ እየሠራ ነበር።

ከኋላ የቆመ አንድ ሰው፣ "ኧረ እሱስ መርፌው ነው የጨረሳት። የሰባች ከብት መርፌ አይችልም" አለ። ራሶች ተነቀነቁ። በዚያው ቀን የተወጉት ከብቶች በሙሉ ሜዳው ላይ ይግጣሉ። የዳነ ከብት ወሬ የለውም።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ። 6 ሰዓት።

ቆዳዋን ሊገፍፉ ነበር፣ ለጠፍር ይሆናል ብለው። ጮህኩባቸው። ከተቀደደች ደሟ አፈሩን ይበክላል፣ የዛሬ ስንት ዓመትም ከብት ይገድላል። ከነቆዳዋ ትቀበር አልኩ። ደሴ አጉረመረመ፣ ግን ቆፈረ። ልጅቱ ገድላ ደግሞ ታዛለች ሲል ሰማሁት።

ደሴ ሲሄድ ከአያ ፈንቴ ጋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረን። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉ። ዓይን ፈርተው ደበቁ፣ ግዝት ደረሰባቸው። አባ ጎርባ ነው፣ ሳይከተብ የቀረ ከብት ሁሉ እንዲህ ይሞታል አልኳቸው። ሰሙኝ። አላመኑኝም።

ለቄሰ ገበዙ ይንገሩ፣ ይፈቱዎታል ብዬ ለመንኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ግዝቱን ለምኖ ያስገዘተ ሰው መጀመሪያ ራሱ ጥሶት ተገኘ ሲባል በየት በኩል ዕድር ፊት ይቆማሉ? አንቺም እኮ አለሽበት አሉኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ እንደ ማዘን ብለው። ሲደበቅ አይቶ ዝም ያለ። እኔ ግዝት አልፈራም፣ የተማርኩ ነኝ። አሜን ግን ብያለሁ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተባብለን ተለያየን። በአፍ አላልነውም። ግን ተባብለናል።


ሰኔ 21፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት።

ትርንጎ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ከዘጠኝ ነፍሰ ጡር አንዲትም አልመጣችም። ቤት ለቤት ወጣን። አንዷ ታመምኩ አለች፣ አንዷ ገበያ ሄዳለች ተባለ፣ አንዷ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ከብት የገደለ መርፌ ነው ወሬው። መርፌ መርፌ ነው፣ የከብት ይሁን የሰው ማን ይለየዋል።

የመጨረሻው ቤት የእኛው ነበር። ሙሉ ልትነሳ ብድግ አለች፣ ደሴ በእጁ መልሶ አስቀመጣት። ጊደሯን የገደለ ነገር ሚስቴ ገላ አይገባም አለ። የተለያየ መድኃኒት ነው አልኩት። አንቺ ተከትባለች ብለሽ የጻፍሻት አይደለችም ወይ የሞተችው አለኝ። ትርንጎ አየችኝ። መልስ እየጠበቀች ነበር።

አያ ፈንቴ ደጃፉ ላይ ገመድ ይገምዳሉ። እጃቸው ቆመ። አሁን ይናገራሉ አልኩ። እሳቸውም እኔን ይጠብቁ ነበር መሰለኝ። ከዚያ እጃቸው መገመድ ጀመረ።

ደብተር፣ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አልተከተበችም። አንድ ቃል። ትርንጎ ሳጥኗን ዘግታ ሄደች። በሩ ላይ ስሸኛት ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ነበር። ሙሉን ብቻዋን ስትሆን ደግሜ እሞክራለሁ አለችኝ። እኔ ደግሞ እንጀራዬን እያሰብኩ ነበር፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።


ሰኔ 27፣ ዓርብ።

ዝናብ። ትርንጎ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ደሴ ሁለት ጊዜ መለሳት። ለሙሉ ልነግራት በሯ ድረስ ሄጄ ጨው ተበድሬ ተመለስኩ። ጨው ነበረኝ።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ። 5 ሰዓት።

ሙሉ ወለደች። ሴት! ከቀኗ ቀደመች። ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ቃሬዛ ሲያበጁ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለ። እማማ ጥሩ አዋለዷት። እትብቱን በአዲስ ምላጭ ቆረጡ፣ ምላጩን ከወረቀቱ ሲያወጡት አይቻለሁ። ከዚያ እትብቱ ላይ ቅቤ ቀቡበት፣ እንደ ደንቡ። አጽድቼ ልሰር ብል ከብት መሰለሽ ብለው ሳቁብኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ደስታ ነበር።

ልጅቱ ጸጉሯ ጥቁር፣ ድምፅዋ ጎበዝ። እንዴት እንደምትጠባ ብታዪ! ገንፎ በላን። ደሴ እንኳ ብይልኝ ብሎ ገበታውን ወደ እኔ ገፋ።

አያ ፈንቴ ብቻ አልበሉም። ዛሬ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው አሉኝ ቀስ ብለው። የተገዘትነው በእነሱ ቃል ነው። እባክዎ ዛሬ እንኳ አልኳቸው።


ሐምሌ 11፣ ዓርብ። 1 ሰዓት፣ ጠዋት።

ሙሉ ጠራችኝ። ጡቴን ዕንቢ አለችኝ አለች። ትላንት ማታ ትንሽ ጎተተች፣ ዛሬ ጭራሽ። ጡቱን አፏ ላይ ስታደርግላት ከንፈሯ ይጨማደዳል፣ መንጋጋዋ አይከፈትም። ስነካት ተወጠረች፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ ተለመጠ።

በበቅሎ አይቼዋለሁ። በበግ አይቼዋለሁ። በሰው ላየው አልፈለግሁም ነበር።

አሁኑኑ ደ/ታቦር አልኩ። ደሴ አልተከራከረም። ፊቴን አይቶ መሰለኝ።


ሐምሌ 13፣ እሑድ። ደ/ታቦር፣ ሆስፒታል። 8 ሰዓት።

ዓርብ ገሳይ ድረስ በእግር፣ በጭቃ። መኪና አልነበረም፣ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሰዓታት በኋላ አንድ ባጃጅ በውስጥ መንገድ ወሰደን።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ድምፅ ክልክል። ብርሃንም ኮቴም ያንቀጠቅጣታል። ነርሶቹ በጫፍ እግራቸው ነው የሚሄዱት። ሙሉ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጡቷን በእጇ ይዛለች።

ዶክተሩ ደህና ሰው ነው፣ የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ነው። እናትየው ስንት ጊዜ ተከተበች አለ። አንድ። ለምን ሁለተኛው ቀረ? ደሴ መለሰለት። መርፌው ጊደራችንን ስለገደለ አለ። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ ጻፈ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ ነበር። እዚያም ዝም አልኩ። ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጅቱ እዚያ ተኝታ፣ ዝም።


ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ።

ትናንት ጠዋት አረፈች። ዘጠኝ ቀኗ።

ክርስትና አልተነሳችም፣ ፍትሐት የላትም። ደሴ በጋቢው ጠቅልሎ እስከ ቤት አቅፏት መጣ። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። የአራስ ልጅ ለቅሶ የለውም፣ ሰው "ሌላ ይሰጥሻል" ብሎ ቶሎ ተበተነ። ስም እንኳ አልወጣላትም። እኔ በልቤ አንድ አውጥቼላት ነበር። አልጽፈውም።


ሐምሌ 18፣ ዓርብ። 7 ሰዓት።

ትርንጎ መጣች። ደንዝዛለች። ወሬው ዞሯል። አሁን የሚባለው፣ ልጅቱን የገደለው ሙሉ የተወጋችው ያ አንዱ መርፌ ነው። ጊደሯን ገደለ፣ አሁን ደግሞ ሰው ጀመረ። የቀሩት ሴቶች ሁሉ አንዱን ወስደዋል። ሦስቱ ካርዳቸውን እጇ ላይ መለሱላት። አንዷ የተወጋችበትን ቦታ በፀበል እያሸች ነው፣ መርዙ እንዲወጣላት።

ሦስቱም በነሐሴ ይወልዳሉ። ትርንጎ ሰኞ፣ በማርያም፣ አንድ ጊዜ ደግማ ትሞክራለች። ከዚያ በኋላ ቢወጉም አይደርስላቸውም። ማን ያምነኛል አለች። ጭንቅላቷን ጠረጴዛዬ ላይ ደፋች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትለኝ ፈራሁ። ብትለኝስ? እውነቷን ነው።


ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ። 4 ሰዓት።

ልናገር ነው አልኳቸው። ለአያ ፈንቴ። ጋጣው ውስጥ፣ ጊደሯ ትታሰር የነበረበት ቦታ ላይ ቆመው ነበር። ሦስት ሴቶች አሉ፣ ሰኞ ቀናቸው ነው፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት እቆማለሁ አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ተንበረከኩ። እኚህ ሽማግሌ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ እበት ላይ። እንዲነሱ ጎተትኳቸው፣ አልተነሱልኝም። ለራሳቸው አይደለም የሚለምኑኝ። ሌላ አጥቢያ ሄደው፣ ማንም የማያውቃቸው ቄስ ዘንድ፣ ግዝታቸውን ይፈታሉ። ዕድሩን ይለቃሉ። ለደሴ ነው።

"አባቴ በአንድ ጊደር ልጄን አስበላ ይለኛል። ይህን አውቆ እንዴት ይኖራል? አሁን መርፌ ገደላት ብሎ ቢያንስ የሚጠላው ነገር አለው። እኔን ይድፋኝ፣ አንቺ ግን ልጄን አትግደይብኝ።"

እውነታቸውን ነው፣ ደሴ ይሰበራል። የሦስቱን ሴቶች ልጆች ግን ማን ይለምንላቸዋል? ገና አልተወለዱም፣ አይንበረከኩልኝም።

አባባሌ አያምርም። አለቀስኩ፣ ከሳቸውም በላይ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ተናግረን ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ቆመን እንነጋገር ነበር።


ሐምሌ 20፣ እሑድ። ጠዋት 3 ሰዓት።

ሁሉም ቅዳሴ ናቸው። ሙሉ ብቻ ግቢ ቀርታለች። አራስ ናት፣ እስከ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ልጅ የሌላት አራስ።

ሙቅ ውሃ ይዤላት ገባሁ። ጡቷ ሞልቶ ይጠዘጥዛታል፣ ቀሚሷ ርሷል። ቁጭ በይ አለችኝ። ተቀመጥኩ። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እንደ ተማሪ፣ ጠየቀችኝ። "ያችን አንዷን መርፌ ባልወጋ ኑሮ ትተርፍልኝ ነበር?"

ሁለተኛውን ደሴ ከለከላት፣ እሱ የእሷ ጥፋት አይደለም። የመጀመሪያውን ግን ማንም አላስገደዳትም። በእግሯ ሄዳ ነው የተወጋችው። ፈርታ፣ እጄን ይዛ። ስትወጋ የሳቀችው ሁሉ ትዝ ይላታል። ስለሳቅሁ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ለልጇ ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው እሷ ብቻ ናት። እሱን ነው ኃጢአቴ ብላ የያዘችው።

አይደለም አልኳት። መርፌው አይደለም፣ በፍጹም። ታዲያ ምንድነው አለች። መጣሁ ብዬ ወጣሁ። ከእሷ ሸሽቼ ነው አንቺ ጋ የተቀመጥኩት።

ትናንት የወሰንኩት፣ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ፊት ልቆም ነበር። እቆማለሁ። ግን መጀመሪያ እሷ። ከሰው አፍ አትሰማውም። ከእኔ፣ ከመነሻው፣ አንድም ሳላስቀር። ጊደሯ አልተከተበችም እላታለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አማትሽ ደበቁ፣ እኔ ዋሸሁ፣ ሁለታችን ተጠባበቅን። የአያ ፈንቴን ስም አልዘልም፣ የእኔንም።

ትጮህብኝ ይሆናል። ደሴ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ሥራው አብቅቷል፣ ዝውውሩም። እፈራለሁ።

በሬ ክፍት ነው፣ ከዚህ ትታየኛለች። ወጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ወተቷን መሬት ላይ እያለበች። ሲበቃት ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

ሙሉ አልኳት።

ዞራለች። ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።